ጄኔሬተሩን ዝናብ እንዳይመታው

ሰኔ 19

ለእህቴ ልጅ፣ ለችኩሌ፤

ከሰላምታው አስቀድሜ ማወቅ ያለብሽን ልንገርሽ፤ አለዚያ እንደ ልማድሽ መስመር እየዘለልሽ ትፈልጊዋለሽ። እናትሽ ደህና ናት። የላክሽው ጄኔሬተር በሰላም ደርሷል። መብራት በሌለ ጊዜ ሁሉ የኦክስጅን ማሽኗ በእሱ ይሠራል። አሁን ተረጋግተሽ ቀሪውን በተራ አንብቢ።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ከዚያ ከምትሠሪበት የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት በሰላም ገብተሽ በሰላም ውጪ። በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያጋጥምሽ።

ዘንድሮ ክረምቱ ገና ከመግባቱ አመሉን አሳየን። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። ነፋሱ መጀመሪያ የበሩን መቀርቀሪያ ይነቀንቃል፣ ከዚያ ቆርቆሮው ይጮኻል፣ ከዚያ መብራት ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ ተዛብቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ከመንገዱ ማዶ ያለው የመብራት እንጨት በጎረቤታችን በጫማ ሰሪው አጥር ላይ ተጋደመ። የመብራት ሠራተኞች መጥተው ዙሪያውን ዞሩት። ጫማ ሰሪው፣ «እንግዲህ አያችሁት?» ቢላቸው፣ «አየነው» አሉትና ሄዱ። እስካሁን እንደታየ ተጋድሟል። ስልኩም እንዲሁ ነው፤ ኮረብታው ላይ ያለው ማማ መብራት ሲሄድ አብሮ ይተኛል። በየሳምንቱ ድንበር የሚሻገረው ሹፌር ዘመዳችን ባይኖር ኖሮ ድምፅሽንም ወሬሽንም አናገኝም ነበር።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ጄኔሬተሩን ያስቀመጥኩት ግቢው ውስጥ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ከቆርቆሮ ከለላ ሥር ነው። ሞተር የውጭ ነገር ነው፤ ጩኸት አለው፣ ጭስ አለው። እናትሽ ግን አልተቀበለችኝም። ወጀብ ሲመጣ ዝናቡ በጎን እየገባ ይረጨዋል፤ እሷም በመስኮት እያየች፣ «ልጄ ስንት ሰዓት ቆማ የገዛችውን ዕቃ ዝናብ ታስደበድባለህ?» ትለኛለች። ትናንት ጭራሽ የራሷን ብርድ ልብስ ይዛ ልትወጣና ልታለብሰው ተነሣች። ጫማ ሰሪውም ከእሷ ወገን ነው። ሚስቱ በቅርቡ ወልዳለች፣ አጥሩም መኝታ ቤታቸውን የተደገፈ ነው። «ጋሼ፣ ልጄ ከእናቱ ድምፅ ቀድሞ የእናንተን ሞተር ለየ። ሲጠፋ ነው የሚያለቅሰው» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል።

እነሱ ሁለት ናቸው፣ እኔ አንድ። ዕቃው ያንቺ ስለሆነ ፍርዱን ላንቺ ትተናል። እኔ በበኩሌ ውጭ ይሁን እላለሁ። ያልሽውን ግን እንዳልሽው እፈጽማለሁ።

እናትሽ ዓይኗ ስለደከመ የምጽፈውንም የሚመጣልኝንም ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ አሁንም አጠገቤ ናት። «ስለ ብርድ ልብሱ ለምን ጻፍክ?» እያለችኝ ነው። የሆነውን ስለምጽፍ ነው ብያታለሁ።

አጎትሽ


ሰኔ 25

ለውድ አጎቴ ለጋሼ፣ ለውድ እናቴም፤

እንደምን አላችሁልኝ? ናፍቆቴ አይጣል ነው። እማዬ እንዴት ናት? ትንፋሿ እንዴት ነው? ስትናገር ያቋርጣታል? ከንፈሯ ይጠቁራል ወይስ ደህና ነው? ማታ ስንት ትራስ ትደገፋለች? ጋሼ፣ እባክዎ እነዚህን አንድ በአንድ ይመልሱልኝ።

ይህን የምጽፈው ከመስታወት ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ነው። መኪና በመጣ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጬ ቲኬት እቆርጣለሁና ሐሳቤ ከተቆራረጠ ይታገሡኝ። እዚህ ሰማይም ዝናብም አላይም። ሰው ጃንጥላው እየተንጠባጠበ ሲገባ ነው ውጭ መዝነቡን የማውቀው። ያን ጊዜ እናንተ ጋ መብራት ሄዶ እንደሆነ አስባለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው አይያዝልኝም።

ስለ ጄኔሬተሩ፣ እማዬ እንዳለችው ይሁን። አስገቡት። አዲስ አይደለም፤ ከሰው እጅ ነው የገዛሁት፣ ውሃ ከገባበት ደግሞ አይነሣም፤ ካልተነሣ እማዬ ምን ትሆናለች? ሌባውም አለ። የጎረቤቶቻችንም ሕፃን ይተኛበት። ጭሱ በመስኮት ይውጣ እንጂ ሌላው ምን አለበት? ጋሼ ነገር ያጠነክራሉ፤ ለእሷ ሲሉ ይለፏት።

ለእማዬ እጇን ስሜያለሁ በሉልኝ። ብርድ ልብሷን ለሞተር እንዳትሰጥ።

ልጃችሁ


ሐምሌ 2

ለችኩሌ፤

በቅድሚያ፣ እናትሽ ደህና ናት። በቀጣይ፣ ያዘዝሽው ተፈጽሟል።

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ፈጣሪ የምትቆርጪውን ቲኬት የበረከት ያድርግልሽ።

የጠየቅሽኝን በተራ እመልሳለሁ። ስትናገር አያቋርጣትም፤ እንዲያውም እኔን ነው ንግግሬን የምታቋርጠኝ። ከንፈሯ ደህና ነው። የምትደገፈው ትራስ እንደ ድሮው ነው። ማሽኑ ከሳሎኑ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል፣ ቱቦው እስከ ወንበሯም እስከ አልጋዋም ይደርሳል።

ጄኔሬተሩን ከእኔ መኝታ ቤት ጋር በግድግዳ በሚዋሰነው ዕቃ ቤት አስገብተነዋል። ጫማ ሰሪውና እኔ ተሸከምነው፤ እናትሽ በረንዳ ላይ ቆማ፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ጥጉ እንዳይነካው» ትለን ነበር። ሙሽራ የምናስገባ ነበር የሚመስለው። «ጭሱ በመስኮት ይውጣ» ስላልሽ እንዲያው ክፍቱን አልተውኩትም። የብረት ቧንቧ ፈልጌ ከጭስ ማውጫው ጋር አያይዤ በመስኮቱ አሳልፌዋለሁ። በቧንቧው ዙሪያ የቀረውን ክፍተት ነፋስ እንዳይገባበት በጨርቅ ጠቅጥቄዋለሁ። የበሩንና የኮርኒሱንም ስንጥቅ እንዲሁ። ከዚህ በኋላ ቤቱ ውስጥ ገብቼ አሸተትኩ፤ ምንም ሽታ የለም። እናትሽም አሸተተች። ጫማ ሰሪውም ተጠርቶ አሸተተ፣ «የሚሸተው የእኔ ማስቲሽ ብቻ ነው» አለ።

እናትሽ ደስታዋ ወሰን የለውም። ስታልፍ ግድግዳውን መታ መታ ታደርገዋለች፣ ከብት በረት እንደገባላት ሰው። ከዚህም ሌላ ያመሰገነችው ነገር አለ፦ የዕቃ ቤቱ አይጦች ጠፍተዋል። ሁለቱን ከእህል ጆንያው ሥር ሞተው አገኘኋቸው። «ድመት ስትለኝ ኖርክ፣ የልጄ ሞተር ከድመት በለጠ» አለችኝ። እኔም ጩኸቱ አስደንብሯቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ስለ እኔ የሚጻፍ ነገር የለም። ራሴን ትንሽ ያመኛል፤ ወደ ገበያው ወጣ ስል ይተወኛል። የጩኸቱ ነገር ይመስለኛል። እናትሽ ይህንን ሳነብላት፣ «በሰው አገር ያለችን ልጅ በራስ ምታትህ አታስጨንቃት፣ ፋቀው» ብላለች። የተጻፈ አልፍቅም። አንቺም ከዚህ የበለጠ ዋጋ አትስጪው።

አጎትሽ


ሐምሌ 8

ጋሼ፣ እማዬ፤

ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ። ደብዳቤያችሁ ደረሰኝ፤ እማዬ ደህና መሆኗን ሳይ እግሬ ሥር የነበረው ድንጋይ የተነሣልኝ መሰለኝ። «ንግግሬን ታቋርጠኛለች» ያሉትን ሦስቴ አነበብኩት። እንዲህ ከሆነች በእውነት ደህና ናት።

የአይጡም ነገር አሳቀኝ። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ «ለእኛም አንድ ላኪልን» አለኝ።

እዚህ ያለው ወሬ ብዙም አይደለም። ትናንት የአየር ማስወጫው ተበላሽቶ የማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸና ሁላችንንም ወደ ላይ አስወጡን። መኪኖቹ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተሰልፈው ነበር። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ወጥሮ ይዞኝ ምሳ ስላልበላሁ ነው ብዬ ነበር፤ መንገዱ ላይ ትንሽ እንደተቀመጥኩ ለቀቀኝ። ዛሬ ጠግነውት ወደ ቦታችን ተመልሰናል። ለእማዬ ይህን አያንብቡላት፣ እንዳታስብ።

ክረምቱ እዚያ እየበረታ ነው ይላሉ። መብራቱ ተመለሰ? ቤንዚኑ ይበቃችኋል? ጄኔሬተሩ እንዳያርፍ፤ እማዬ ለአፍታ እንኳ ያለ ማሽኑ እንዳትሆን። ስለ እሷ ሁሉንም ይጻፉልኝ፣ ትንሹንም።

ለመልስ አትዘግዩብኝ።

ልጃችሁ


ሰኔ 3

ለእህቴ ልጅ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ ደህና ነን።

የሐምሌ 8 ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ለእናትሽ አንብቤላታለሁ፤ ግማሹን። ቀሪውን ነገ። ሹፌሩ ነገ በማለዳ ስለሚነሣ ይህን ዛሬውኑ መጨረስ አለብኝ።

ወጀቡ ከትናንት ጀምሮ አላቆመም። መብራት የለም። ጄኔሬተሩ አላረፈም፣ አንቺም እንዳያርፍ ብለሻል። ነፋሱ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ጨርቁን ደግሜ ጠቅጥቄዋለሁ። ሽታ የለም። እናትሽ ደህና ናት፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ንቁ ናት። «ዛሬ ፊትህ ቀላ፤ ምን ሆነሃል?» ስትለኝ ነበር። ራሴን ትንሽ ያመኛል፤ ወደ ገበያው ወጣ ስል ይተወኛል። አሁን ግን በዝናቡ ምክንያት አልወጣሁም።

ጫማ ሰሪው መጥቶ ደጅ ቆሞ ኖሯል፤ አልሰማሁትም። ወንበር ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ቀን መተኛት የእኔ ልማድ አይደለም። የእናትሽ ማሽን ላይ ያለችውን የውሃ ጠርሙስ መሙላት ረስቼ እሷ ናት ያስታወሰችኝ። ሽታ የለም። ራሴን ትንሽ ያመኛል፤ ወደ ገበያው ወጣ ስል ይተወኛል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለእናትሽ ገና አላነበብኩላትም።

የተማሪዎቹን ደብተር ማረም ስላለብኝ እዚህ ላይ ላቁም።

አጎትሽ


ሐምሌ 17

ጋሼ፤

ሞተሩን አጥፉ። ይህን መስመር እንዳነበቡ ቀሪውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ያጥፉት፤ በሩንና መስኮቱን ሁሉ ከፍተው እማዬንም ይዘው ወደ በረንዳው ይውጡ። ከዚያ በኋላ ያንብቡ።

አሁን ወጥታችኋል ብዬ እጽፋለሁ።

ደብዳቤዎን ዛሬ ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ሹፌሩ ሰጠኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ከፈትኩት። መጀመሪያ የፈለግኩት የእማዬን ነገር ነበር፤ «ደህና ናት» የሚለውን አይቼ ልዘልቅ ስል ቀኑ ላይ ዓይኔ አረፈ። የእኔን የሐምሌ 8 ደብዳቤ አግኝቻለሁ ብለው የጻፉት ሰኔ 3 ቀን ነው። እርስዎ፣ ቀን ሳይጽፍ የቤት ሥራ ያመጣን ተማሪ ወደ ቤቱ የሚመልሱት። ከላይ እንደ ገና ጀመርኩ፣ አንድም ሳልዘል። ስለ ራስ ምታቱ አንድ ዓይነት ቃል ሁለት ጊዜ ጽፈዋል። ደብዳቤዬን አንብቤላታለሁ ብለው ጀምረው አላነበብኩላትም ብለው ጨርሰዋል። የሚያርሙት ደብተር ደግሞ የለም፣ ጋሼ። ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመን ሆነ።

ከዚያ የቀደመውን ደብዳቤዎን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያ የራስ ምታት እዚያም አለ። ዘልዬዋለሁ። ስለ እማዬ ያለውን ብቻ እየለቀምኩ እርስዎን ዘልዬ ነው ያነበብኩት።

እኔ የምሠራበት ምድር ቤት ውስጥ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው መሣሪያ የሚጮኸው ለዚህ ነው። የሞተር ጭስ ውስጥ የማይታይ፣ የማይሸት ጋዝ አለ። ሥራ ስጀምር አስተምረውኛል፦ ራስ ያማል፣ ይደክማል፣ ሐሳብ ይደበላለቃል፣ ውጭ ሲወጡ ይሻላል፤ ካልወጡ ደግሞ እንቅልፍ ይወስድና በዚያው ይቀራል። እርስዎ ሁሉንም በተራ ጽፈውልኛል። አይጦቹንም ጽፈውልኛል። እኔ ሳቅኩ፣ ጋሼ። ለአለቃዬም አስቂኝ ወሬ ብዬ ነገርኩት።

ቧንቧዎ ጥፋት የለበትም። ነፋሱ ግን ፊት ለፊት ሲመጣ የወጣውን መልሶ ይከተዋል፣ መጋጠሚያውም ያስተነፍሳል፤ በጨርቁ ደግሞ መውጫውን ሁሉ ዘግተንበታል። እርስዎ ውጭ ይሁን ብለው ነበር። አስገቡት ያልኩት እኔ ነኝ።

ለሹፌሩ ረጅም ገመድ ሰጥቼዋለሁ። ጄኔሬተሩን ወደ ድሮው ጥግ መልሱት፤ ገመዱ ከዚያ እስከ እማዬ ማሽን ይደርሳል። የጎረቤታችንን መስኮት ግን ይዩልኝ፤ ሕፃን አለበት፤ ከእነሱም ራቅ ይበል። ለሹፌሩም ደብዳቤውን ከመስጠቱ በፊት በቃሉ እንዲናገር አስጠንቼ አስምዬዋለሁ። «ለሰላምታ እንኳ እንዳትቆም» ብየዋለሁ። ስልክ ከጠዋት ጀምሮ እየሞከርኩ ነው፤ አይነሣም።

ይህን ለእማዬ ሙሉውን ያንብቡላት። ምንም አይዝለሉ፣ ስለ እኔም ብለው አይቀንሱ።

ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት? እስከ ዛሬ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ባገኙት ሰው በኩል፣ አንድ ቃልም ቢሆን፣ ይላኩብኝ።

ልጅዎ


ሐምሌ 27

ጋሼ፤

ምንም መልስ የለም። ድልድዩን ጎርፍ ቆርጦት መኪኖቹ ወዲያ ማዶ ቆመዋል ይላሉ። ሹፌሩ ከቆሙት ይሁን ካለፉት የሚያውቅ አላገኘሁም። ይህን በሌላኛው መንገድ በሚዞር አውቶቡስ እልካለሁ፤ የቱ ቀድሞ እንደሚደርስ አላውቅምና የመጀመሪያውን መስመር እደግመዋለሁ፦ ሞተሩን አጥፉ፣ ውጡ።

ፈቃድ ጠይቄ ልመጣ ነበር። አለቃዬ አልከለከለኝም፤ መንገዱ ነው የከለከለኝ። ሥራ ላይ ማንኛውም ደወል በጮኸ ቁጥር እየተነሣሁ ስለምወጣ ጓደኞቼ፣ «ጋዙ ያለው ዘመዶችሽ ቤት ነው እንጂ እዚህ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ልጅ ሳለሁ ጥያቄውን ሳልጨርስ መልስ ስጽፍ ወረቀቱን ገልብጠው፣ «ምን ተብለሽ ነው የተጠየቅሽው?» ይሉኝ ነበር። እርስዎ የጠየቁኝ ጄኔሬተሩ ውጭ ይሁን ወይስ ውስጥ ነበር። እኔ የመለስኩት እማዬ ደስ ይላታል ወይስ ይከፋታል የሚለውን ነው።

እንዴት ነዎት?

ልጅዎ


ነሐሴ 3

ለችኩሌ፤

ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብሽ፦ ሁለታችንም በሕይወት አለን። ጄኔሬተሩ ከሁለቱም ቤት ርቆ ግቢው ዳር ቆሟል፤ ጫማ ሰሪው ከላይ ቆርቆሮ ደፍቶለታል፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ነው፤ የምንከድነውም ካጠፋነው በኋላ ብቻ ነው። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ሰላምታዬን ከዚህ በኋላ ተቀበይ። ፈጣሪ ዓይንሽን ይባርክ፤ ያ ዓይን ቀኑ ላይ ባያርፍ ኖሮ ይህን የምጽፍ አልነበርኩም ማለት ይቻላል። ለምን «ማለት ይቻላል» እንዳልኩ የሆነውን በተራ ልንገርሽ።

ሐምሌ 22 ቀን ከሁሉ የከፋው ወጀብ መጣ። እኔ ቀኑን አላስታውሰውም፤ የምጽፈው እናትሽና ጫማ ሰሪው የነገሩኝን ነው። ነፋሱ የዕቃ ቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደው። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ጄኔሬተሩ ላይ ወረደና ሞተሩ ጠፋ። መብራት ሲቋረጥበት እንደሚያደርገው የእናትሽ ማሽን ይጮኽ ጀመር። ሌላ ጊዜ ያ ድምፅ ሲሰማ እኔ ከየትም ሮጬ ነው የምደርሰው። ያን ዕለት አልመጣሁም። እናትሽ ጠራችኝ፤ አልመለስኩም። ከቱቦዋ ርዝመት አልፋ የማታውቅ ሴት ቱቦውን ከአፍንጫዋ አውልቃ፣ ግድግዳ ተደግፋ ወደ መኝታ ቤቴ መጣች። ወለሉ ላይ አገኘችኝ። ለመጮህ ትንፋሽ አልነበራትም። ከዘራዬን አንሥታ እስከ በረንዳው ደርሳ የበሩን ቆርቆሮ መደብደብ ያዘች።

ጫማ ሰሪው፣ «እትዬ፣ ደግሞ ዛሬ ምን አጠፋን?» እያለ መጣ። ለአንድ ነገር ልትቆጣው የምትጠራው መስሎታል። ከዚያ እኔን በጀርባው፣ እሷን ሌላ ሰው በሚገፋው ጋሪ አድርጎ ሁለታችንንም ክሊኒክ አደረሰን። ለእናትሽ እዚያ ሲሊንደር ተገኘላት። እኔ በነጋታው ነቃሁ። የደም ግፊት ነው፣ ዕድሜም አለ፣ ዕረፍት ያስፈልግሃል አሉኝ። ማንም ስለ ሞተር አልጠየቀም፤ እኔም አልተናገርኩም፤ ምን ብዬ? ሽታ አልነበረውም።

ስለዚህ የሚቀጥለውን አስተውለሽ አንብቢ። ከክሊኒክ ስንመለስ መብራት ሁለት ቀን ቆየና እንደገና ሄደ። እናትሽ ያሳዘናት የእኔ መውደቅ ብቻ አልነበረም፤ «ይኸው ዝናብ መታው፤ ልጄን ምን እላታለሁ?» ትል ነበር። ጄኔሬተሩን ፈትቼ አደረቅሁት፣ ቧንቧውን መለስኩ፣ አዲስ ጨርቅም አዘጋጀሁ። ጫማ ሰሪው መሰላል አቁሞ፣ እንደ ልማዱ ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ ጣሪያውን ይመታ ነበር። አንድ ቆርቆሮ ነበር የቀረው። እኔ የማስነሻውን ገመድ በእጄ ይዤ ምታቱን እስኪጨርስ እጠብቃለሁ።

ሹፌሩ ከበሩ ገና ሳይገባ፣ «አጥፉት» ሲል ሰማሁት። «አልተነሣም እኮ» አልኩት። «እንዳይነሣ» አለ። እናትሽ ሰላም ሳይላት ስላለፈ ተቀይማ፣ «ምነው፣ ቤት ውስጥ ሰው የለም?» አለችው። እሱ ግን ያስጠናሽውን ሳይጨርስ አልቆመም። እንደ ተማሪ በቃሉ ተወጣው፤ አንዲት ቃል ሲስት ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ጫማ ሰሪው ጣሪያው ላይ እንዳለ ሚስማሩን አንድ በአንድ ከአፉ እያወጣ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሳይታዘዝ የመታውን ቆርቆሮ መንቀል ጀመረ።

ደብዳቤሽን በረንዳው ላይ ለእናትሽ ሙሉውን አነበብኩላት። «አስገቡት ያልኩት እኔ ነኝ» ያልሽው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። «እሱን ድገመው» አለች። ደገምኩት። «እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ፤ ጻፍላት» አለችኝ። ጽፌልሻለሁ። እኔ በበኩሌ፣ አደርገዋለሁ ያልኩትን ሳላምንበት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሦስታችንም ተካፍለነዋል፤ ለአንድ ሰው የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ብቻሽን አትሸከሚው።

ደብዳቤሽን ይዤ ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ሐኪሙ አነበበውና ስለ ዕቃ ቤቱና ስለ ጨርቁ ጠየቀኝ። አንቺ እንዳልሽው ነው አለኝ። እናትሽ የተረፈችው ከሞተሩ ራቅ ስለምትል፣ ማሽኑም ረድቷት ሊሆን ይችላል ብሎ ይገምታል። ሁላችንም በሽተኛዋን ስንጠብቅ ነበር።

አሁን «እንዴት ነዎት?» ላልሽው። ሁለት ጊዜ ስለጠየቅሽኝ በሚገባ መመለስ አለብኝ። ራስ ምታቱ ሄዷል። እጄ ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል፤ ይህንን የጻፍኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ከሐምሌ አጋማሽ ጥቂት ቀናት ጠፍተውብኛል፤ ስፈልጋቸው የሉም። ሰኔ 3 ያልኩትን ደብዳቤ መጻፌን አላውቅም። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይመለሳል ይላል፤ ምን ያህሉ እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ትናንት ቁልፉን ኪሴ ይዤ ስፈልገው ዋልኩ። ይህ በፊትም ያጋጥመኝ ነበር ወይስ አዲስ ነው? እናትሽን ብጠይቃት፣ «ድሮም እንዲህ ነህ» አለችኝ። የምታጽናናኝ ይሁን እውነቷን ይሁን መለየት አቃተኝ።

አሁንም ሰማዩ እየጠቆረ ነው። መቀርቀሪያው ተነቃንቋል፤ ቆርቆሮው ቀጥሎ ነው። ጫማ ሰሪው ገመዱን ሊያይልን መጥቶ ደጅ ቆሟል፤ ሚስቱም ሕፃኑን ታቅፋ በአጥሩ ላይ፣ «ተነሣ?» ትለዋለች። እናትሽ ማሽኗ አጠገብ ናት።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛ፣ ያቺን ደብዳቤ መልሺልኝ፤ በእጄ የተጻፈውን ማየት እፈልጋለሁ። ሁለተኛ፣ ይህንን ከላይ እስከ ታች፣ አንድም መስመር ሳትዘይ አንብቢው። ቀኑን እዪ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ጽፌ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ያልኩትን መጨረሻ ላይ አፍርሼ እንደሆነ ንገሪኝ። እኔ ደጋግሜ ዐይቼ ምንም አላገኘሁም፤ ግን ያን ጊዜም ምንም አላገኘሁም ነበር። ሐዘኔታ አትጨምሪበት፤ ያየሽውን ብቻ ጻፊ፣ ቶሎም መልሺልኝ።

አጎትሽ